ልድገመው ወይስ ይብቃኝ?

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። ጊዜው ጳጉሜ 2016 ነበር፤ እንቁጣጣሽ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የደወለችው የእህቴ ልጅ ናት። ሰላምታ እንኳ አላቀረበችም። «ጋሼ፣ 268» አለችኝና ዝም አለች። ከበስተጀርባ የእናቷ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች ትጠይቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ደብረ ብርሃን እናቷ ቤት ሄድኩ። ልጅቱ ፊቷ አብጧል፤ አልተኛችም። ውጤቷን በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ ገልብጣዋለች። እንግሊዝኛ 58፣ ሒሳብ 31፣ ፊዚክስ 34፣ ኬሚስትሪ 41፣ ባዮሎጂ 55፣ አፕቲትዩድ 49። ድምሩ ከ600፣ 268 ነው። ማለፊያው 300፣ የጎደላት ደግሞ 32 ማርክ። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «ጋሼ፣ ልድገመው ወይስ ይብቃኝ?» አለችኝ።

ያን ጠዋት ቶሎ አልመለስኩላትም። ከዚያ በፊት ለሌላ ልጅ ቶሎ መልሼ አጥፍቻለሁና፤ ወደዚያ ታሪክ እመለሳለሁ። ይልቅ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪልኝ አልኳት። ይህ ምዕራፍ በዚያ ወረቀት ላይ የሠራነውን ነው የሚያስረዳው። እንደ እሷ ደብተር ይዞ ለተቀመጠ ልጅ፣ አጠገቡም ጨንቋት ለተቀመጠች እናት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቁጥሩ የስንት ሰው ነው?

የእህቴ ልጅ መዓቱ በእሷ ላይ ብቻ የወረደ መስሏት ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ያለውን እንይ። በመጀመሪያው ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ አለፉ። የእህቴ ልጅ በተፈተነችበት በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 በመቶ ማለት ነው። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል።

ያን ጠዋት እስከ 2016 ያሉትን ቁጥሮች ያነበብኩላት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስቱ ከማለፊያው በታች ሲሆን፣ ውጤቱ ስለ ልጁ ብቻ አይናገርም። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መምህሩ፣ መጽሐፍ በወቅቱ ስለ መድረሱና አለመድረሱ፣ ስለ ታች ክፍሎችም ይናገራል። ከ2014 በፊት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ በየዓመቱ ባለው ቦታ ልክ ይቆረጥ ነበር። ኩረጃውም ብዙ ነበር። ስለዚህ «የአክስቷ ልጅ በአንድ ጊዜ አልፎ የለም እንዴ?» የሚለው የጎረቤት ወሬ ሁለት የማይነጻጸሩ ነገሮችን ማነጻጸር ነው። የአክስቷ ልጅ ያለፈበት ፈተና ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሚዛኑ ሌላ ነበር።

ይህን ስላት ቀና አለች። ሰው ራሱን እየረገመ በትክክል ሊያስብ አይችልምና የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው፤ ልጁን ከውጤቱ መለየት።

ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ የሚደብቀው ነገር

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የብሔራዊ ፈተናው ጥያቄ ባለ አራት ምርጫ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር እንኳ ከአራቱ አንዱን ያገኛል፤ ከመቶ 25 ማለት ነው። ስለዚህ የፈተናው እውነተኛ መሬት ዜሮ አይደለም፤ 25 ነው። ከመሬቱ እስከ ጣሪያው ያለው ርቀት ደግሞ 75 ነው።

ከዚህ ተነስተን ቀለል ያለ ስሌት መሥራት እንችላለን። ከውጤትህ ላይ 25 ቀንስ፤ የቀረውን ለ75 አካፍል። የምታገኘው ቁጥር ከጥያቄዎቹ ምን ያህሉን በትክክል አውቀህ እንደ ሠራህ ይጠቁማል። የቀረውን ገምተህ አጥቁረሃል ማለት ነው። በእርግጥ ሰው አንዳንዱን ጥያቄ በግማሽ ያውቀዋል፤ ሁለቱን ምርጫ ሰርዞ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ስለዚህ ስሌቱ የሚሰጠን የተጣራ ልክ አይደለም። ግን መንገድ ያሳያል።

የእህቴን ልጅ ውጤት እንዲህ አድርገን አሰላነው። እንግሊዝኛ 58 ሲል፣ ከጥያቄዎቹ 44 በመቶውን ታውቃለች። ባዮሎጂ 55 ሲል 40 በመቶ። አፕቲትዩድ 32 በመቶ፣ ኬሚስትሪ 21 በመቶ። ወደ ታች ስንወርድ ግን ነገሩ ተለወጠ። ፊዚክስ 34 ማለት 12 በመቶ ነው። ሒሳብ 31 ማለት ደግሞ 8 በመቶ ብቻ።

ስምንቱን ስታይ ዕንባዋ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሒሳብ 31 ሳመጣ ሲሶውን አውቃለሁ ማለት መስሎኝ ነበር» አለች። ብዙ ልጆች እንዲህ ይመስላቸዋል። 31 እና 58 ሲነበቡ አንዱ የሌላው ግማሽ ይመስላሉ። ከሥራቸው ያለው ዕውቀት ግን አምስት እጥፍ ይበላለጣል።

ሲሶ

ይህ ስሌት ልብ የሚሰብር ይመስላል። ቀጥሎ ያለውን ስንሠራ ግን ፊቷ በራ። ተስፋም የተገኘው ከዚያው ከስምንቱ ነው።

አንድ ልጅ ከአንድ ትምህርት ሲሶውን በደንብ ቢያውቅ ውጤቱ ስንት ይሆናል? ከመቶ ጥያቄ 33ቱን አውቆ ይሠራል። ከቀሩት 67 ደግሞ ሩቡን፣ 17 ያህሉን፣ በግምት ያገኛል። ድምሩ 50 ነው። ማለፊያው ማለት ሲሶውን በእርግጠኝነት መያዝ ማለት ነው። ሲሶ፣ አርሶ አደር የሆኑት አያቶቻችን የሚያውቁት ልክ ነው፤ ሊደረስበት የሚችል ልክ ነው።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ሒሳብን ከ8 በመቶ ወደ ሲሶ ብታደርሰው ከ31 ወደ 50 ትወጣለች፤ 19 ማርክ ታገኛለች። ፊዚክስን ከ12 በመቶ ወደ ሲሶ ብታደርሰው ከ34 ወደ 50፤ 16 ማርክ ይጨመርላታል። 19 እና 16 ሲደመር 35 ነው። የጎደላት 32 ነበር። ሌሎቹ አራት ትምህርቶች ባሉበት ቢቆዩ እንኳ ትሻገራለች።

«ዓመቱን ሙሉ በብዛት ያጠናሽው ምንድን ነው?» አልኳት። «ባዮሎጂ» አለች። ለምን ስላት «ስለምወደው» አለችኝ። መልሷ ሐቀኛ ነው። ሰው የሚያጠናው የሚችለውን ነው፤ የሚችለው ደስ ይለዋልና። 55 የነበረውን ወደ 60 ለማድረስ ወራት ስትደክም፣ ከ31 ወደ 50 የሚወስደው መንገድ ከደጇ ሳይረገጥ ቀረ። የሚደግም ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ 32 ማርክ ከየትኛው ትምህርት፣ ከየትኛው ምዕራፍ ይመጣል?» የሚል ይሁን። መልሱን በወረቀት ላይ መጻፍ ካልቻለ፣ ለመድገም ገና አልወሰነም፤ ተስፋ ብቻ አድርጓል።

ዕድል ስንት ማርክ ታመጣለች?

ብዙ ቤት ውስጥ «ዘንድሮ ዕድሉ አልነበረም፤ ለከርሞ ይቀናዋል» ይባላል። ዕድል የለችም አልልም። ገምቶ የሚያጠቁር ሰው አንዳንዴ ይቀናዋል፤ አንዳንዴ ይከዳዋል። ግን የዕድልን ክንድ ርዝመት መለካት ይቻላል።

ስድስቱ ትምህርቶች ተደምረው 400 ያህል ጥያቄ አላቸው እንበል። የእህቴ ልጅ 105 ያህሉን አውቃ፣ 295 ያህሉን ገምታ ሠርታለች። ያለ አንዳች ተጨማሪ ዕውቀት ተመልሳ ብትቀመጥ፣ በግምት ብቻ ውጤቷ ከ600 በ16 ማርክ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። በ32 ማርክ ከፍ ብሎ ሊያሻግራት የሚችለው ግን ከሃምሳ ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። 292 ላመጣና ስምንት ማርክ ለጎደለው ልጅ ግን ሌላ ነው፤ ያንኑ ዕውቀት ይዞ ቢቀመጥ ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል ሊሻገር ይችላል።

ከዚህ ተነስቼ የራሴን ፍርድ እነግራችኋለሁ። ለ300 እስከ 15 ማርክ ለጎደለው፣ መድገም በአብዛኛው ያዋጣል፤ ትንሽ ለውጥ ይበቃዋል። ከ15 ማርክ በላይ ጎድሎት 210ና ከዚያ በላይ ላመጣ፣ የሚያዋጣው የተጻፈ ዕቅድ ካለው ብቻ ነው። ከ210 በታች ላመጣ ልጅ ግን፣ ያ ማለት በጠቅላላው ከጥያቄዎቹ 13 በመቶውን እንኳ በእርግጠኝነት አልያዘም። ለእሱ ችግሩ የአንድ ዓመት ጥናት አይደለም፤ ከታች ክፍሎች የቀረ መሠረት ነው። ያን መሠረት ሳይነካ እንደገና ፈተና ላይ መቀመጥ፣ ያንኑ ቁጥር በአዲስ ቀን መቀበል ነው።

አጥፍቼ የነበረው

ሒሳብ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት አንድ ጎበዝ ታታሪ ልጅ ነበረኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ መጻሕፍት አይጠፋም። የመጀመሪያ ፈተናውን ሲወስድ 31 በመቶ አመጣ። ሊጠይቀኝ መጣ። ውጤቱን በየትምህርቱ ሳላይ፣ ወረቀት ሳላወጣ፣ ትከሻውን ቸብ አድርጌ «ድገመው፤ ዘንድሮ ይሳካልሃል» አልኩት። ደገመ። 33 አመጣ። እንደገና መጣ። እንደገና ያንኑ አልኩት። በሦስተኛው 32 ሆነ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ፣ ያንኑ አጋዥ መጽሐፍ፣ በዚያው መንገድ ያነብ ነበር። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ደብተሮቹን አስመጥቼ ሳይ፣ ገጾቹ በቢጫ ቀለም ተሰምሮባቸዋል። ከላይ እስከ ታች ቢጫ። አንድም በራሱ እጅ ተሠርቶ፣ ተሳስቶ፣ ተሰርዞ እንደገና የተሠራ ጥያቄ የለም። ያን ቀን የተሰማኝን ጸጸት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የልጁን ሦስት ዓመት የበላው ስንፍና አልነበረም። ምን እንደሚለወጥ ሳልጠይቅ «ድገም» ያልኩት እኔ ድርሻ አለኝ።

ልጁ በኋላ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ብየዳና ብረታ ብረት ሥራ ተማረ። የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የምንለውን፣ ወስዶ አለፈ። ዛሬ የበርና የመስኮት ሥራ አለው፤ ሁለት ሠራተኛም ቀጥሯል። ይህን የምለው ለፍጻሜው ጌጥ እንዲሆን አይደለም። ያ መንገድ በመጀመሪያው ዓመትም ክፍት ነበር። እኔ ግን እንደ ሽንፈት ስለቆጠርኩት አላሳየሁትም።

የሚደገመው ምንድን ነው?

መድገም በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። በደቡብ ኮሪያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ከሚቀመጡት ሲሶ ያህሉ አንዴ ተፈትነው የተመለሱ ናቸው። ቬሮኒካ ፍሪሳንቾ፣ ካላ ክሪሽናና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በቱርክ ፈተናውን የደገሙ ተማሪዎች በመካከሉ በእርግጥ ተምረው እንደሚመለሱ አሳይተዋል። ብዙ የተማሩት ደግሞ ቀድሞ ዕድሉ ያነሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። ይህ ለእኛ ታላቅ ነገር ነው። ደካማ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ የሚጨምረው ብዙ ነው፤ ገና ያልተነካ ብዙ አለውና።

ግን ትርፉ የሚመጣው በመካከሉ ካለው ዓመት ነው። ፈተናው ጥቂት ቀን ነው፤ ዓመቱ ግን አሥራ ሦስት ወር ነው። ልጁ የሚደግመው ዓመቱን ነው። ያ ዓመት እንደ አምናው ከሆነ ውጤቱም እንደ አምናው ይሆናል። ስለዚህ ከእህቴ ልጅ ጋር ወረቀቱን ለሁለት ከፈልነው። በግራ «አምና»፣ በቀኝ «ዘንድሮ» ብለን ጻፍን።

አምና ሒሳብ ማን አስተማረሽ? የመጀመሪያውን መንፈቅ መምህር አልነበረም፤ በሁለተኛው ሌላ ትምህርት የሚያስተምር ሰው ሸፈነ። ዘንድሮስ? በቀኝ በኩል የሚጻፍ ነገር እስክናገኝ ድረስ ጸጥ አልን። በመጨረሻ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጡረተኛ መምህር በሳምንት ሁለት ቀን ሊያስጠናት ፈቃደኛ ሆነ። ጻፍነው።

አምና በቀን ስንት ሰዓት አጠናሽ? እዚህ ላይ እናቷ ቀድማ መለሰች፤ «ሙሉ ቀን!» ብላ። ልጅቱ አቀረቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ ቆጠረች። ውኃ፣ እንጀራ፣ ታናናሾቿን መጠበቅ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ማፍላት። የሴት ልጅ «ሙሉ ቀን» ተቆርሶ ሲያልቅ ሁለት ሰዓት አይሞላም ነበር። ትምህርት ጨርሳ ቤት ስትውል ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ቤት ያለች ሴት ልጅ ሥራ ፈት ትመስላለችና። እህቴ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ማንም አይጠራትም፤ እኔም ብሆን» አለች። በቀኝ በኩል ጻፍነው፤ እህቴንም አስፈረምናት።

አምና እንዴት አጠናሽ? ማንበብ፣ ማስመር፣ መሸምደድ። እዚህ ላይ አንድ ምርምር ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ወገን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው አንዴ አንብቦ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታወሱ። ደግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል፤ ሳያዩ መሥራት ግን ያሳውቀናል። ስለዚህ በቀኝ በኩል «በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ያለፈ ዓመት ፈተና፣ ሰዓት ተይዞ፣ መልስ መስጫ ወረቀት ላይ» ብለን ጻፍን።

የመጨረሻው ጥያቄ ከባዱ ነበር። ሒሳብ የጠፋሽ ከየት ጀምሮ ነው? ከ12ኛ ወደ 11ኛ፣ ከ11ኛ ወደ 10ኛ እያልን ወደ ኋላ ሄድን። ያቆምነው 8ኛ ክፍል ላይ ነው። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 8ኛ ክፍል ነበረች። ያልተማረችው ያ መንፈቅ ከዚያ በኋላ ባለው ሁሉ ውስጥ ቀዳዳ ሆኖ ቀርቷል። እኩልታ ስትፈታ፣ ክፍልፋይ ስታዛውር፣ የፊዚክስ ቀመር ላይ ፊደል ስትቀያይር፣ እዚያው ቀዳዳ ላይ ትወድቃለች። ሒሳብም ፊዚክስም የወደቁት በአንድ በሽታ ነው ማለት ነው።

የዓመቱ ዋጋ

መድገም ነፃ አይደለም። ከመመዝገቢያውና ከመጽሐፉ ዋጋ ይልቅ ትልቁ ወጪ ራሱ ዓመቱ ነው። በዚያ ዓመት ሌላ ምን ሊደረግበት ይችል ነበር ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

አንደኛው መንገድ በተለምዶ ሬሜዲያል የምንለው የማካካሻ ትምህርት ነው። በ2015 ሲጀመር፣ 50 በመቶ ያላመጡ ግን የተቆረጠላቸውን ነጥብ የደረሱ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለአራት ወር ያህል እንዲማሩ ተደረገ። ውጤታቸው 30 በመቶው ከዩኒቨርሲቲው፣ 70 በመቶው ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና ነበር። መቁረጫው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞችም ልዩ ድጋፍ አለው። ሬሜዲያል የደረሰው ልጅ ብዙ ጊዜ የተሻለው ምርጫ እሱ ነው። ምክንያቱም ከላይ የጠየቅናቸውን ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይመልሳል፤ መምህር አለ፣ ሰዓት አለ፣ አብሮ የሚያጠና ጓደኛ አለ። «በሬሜዲያል ገባች» የሚለው ሐሜት ለአንድ ሰሞን ነው።

የእህቴ ልጅም ሬሜዲያል ትደርስ ነበር። ያልሄደችው በሐሜት አይደለም። በዚያ ወቅት መንገዱ ሰላም አልነበረም፤ አባቷም ታሞ ነበር። ቤተሰቡ ተመካክሮ ልጅቱን አርቆ ለመላክ አልደፈረም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሂጂ እላት ነበር። ውሳኔ የሚወሰነው አገሩ ከነችግሩ ታስቦ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለው ምርጥ መንገድ በእግር የማይኬድበት ጊዜ አለ።

ሌላው መንገድ ቴክኒክና ሙያ ነው። ለዚህ መንገድ ያለን ንቀት ብዙ ልጅ አባክኗል። እጁ ሥራ የሚወድ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መሬቱ ላይ የሚንከላወስ ልጅ፣ ደረጃውን ጠብቆ ተምሮ ሲኦሲ ቢያልፍ፣ ራሱን የሚያስከብርበት ሙያ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መማር ቢፈልግም በሩ አልተዘጋም።

የሚደግም ልጅ አንድ ነገር ደግሞ ይወቅ። ዩኒቨርሲቲ መግባት የመጨረሻው በር አይደለም። ከ2015 ሐምሌ ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። መሠረቱን ሳይጠግን በዕድል የተሻገረ ልጅ፣ ያንኑ ቀዳዳ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ያገኘዋል። በደንብ የተደገመ ዓመት ግን እስከዚያ ድረስ ያገለግላል። ምዝገባውን በተመለከተ፣ የግል ተፈታኝ መቼና እንዴት እንደሚመዘገብ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የሚያወጣውን ማስታወቂያ በራሳችሁ ዓይን እዩ። በወሬ አትሂዱ፤ መመሪያው ይለዋወጣል፤ የምዝገባ ቀን ያለፈበት ልጅ ዓመት ይጠፋበታል።

ለእናትና ለአባት

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። ውጤት በወጣ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ምሳር አይነሳ። «ስንት ወጪ አውጥተንብህ!» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያ ሳምንት የሚጠቅም እውነት አይደለም። በሐፍረት የሚደግም ልጅ የሚደግመው ለወላጁ ፊት ነው። ስለዚህ የሚችለውን ባዮሎጂ እያነበበ፣ የማይችለውን ሒሳብ እየሸሸ ዓመቱን ይጨርሳል። ስሕተቱን ለማሳየት የማይፈራ ልጅ ብቻ ነው ከ8ኛ ክፍል ሊጀምር የሚችለው።

ስለዚህ አንድ ሳምንት ስጡት። ይተኛ፤ ይብላ፤ ከጓደኞቹ ጋር ይውጣ። ከዚያ ወረቀቱን አምጡና አብራችሁ ተቀመጡ። «አምና»ና «ዘንድሮ» ብላችሁ ለሁለት ክፈሉት። በቀኝ በኩል የሚጻፍ ነገር ከተገኘ ድገም በሉት፤ ሰዓትም ስጡት። ካልተገኘ ደግሞ ሌላውን በር በክብር ክፈቱለት።

የእህቴ ልጅ ደገመች። በ2017 ፈተና እንግሊዝኛ 60፣ ሒሳብ 50፣ ፊዚክስ 46፣ ኬሚስትሪ 47፣ ባዮሎጂ 52፣ አፕቲትዩድ 51 አመጣች። ድምሩ 306። የምትወደው ባዮሎጂ በሦስት ማርክ ወርዷል፤ የምትፈራው ሒሳብ በ19 ወጥቷል።

ከዚያ ዓመት ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ከውጤቱ በፊት የሆነ ነገር ነው። ጥቅምት ላይ ጠዋት ቤታቸው ስገባ፣ ታናሽ ወንድሟ ደጃፍ ላይ ቦርሳውን ተሸክሞ ቆሟል። ያን ዓመት 8ኛ ክፍል ነበር። «እታለም፣ ይረፍድብኛል! የሒሳብ መጽሐፌን ስጪኝ!» ይላል። እሷ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ እኩልታ እየፈታች ነበር። ቀና ሳትል «አንዴ፣ ይችን ልጨርስ» አለችው።